«ሰው» ስም ነው ወይስ ተውላጠ ስም? ከግእዝ፣ ከትግርኛ፣ ከፈረንሳይኛና ከአዊኛ አንጻር ሲታይ

ፍቺው የታወቀ ነው ተብሎ ሳይመረመር ከሚታለፉት የአማርኛ ቃላት አንዱ «ሰው» ነው። ይህን ቃል ለመረዳት ብሎ መዝገበ ቃላት የሚገልጥ አንባቢ እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ተቀምጦ የአማርኛ ጽሑፍ ወደ አዊኛ የሚመልስ ተርጓሚ፣ «ከሠራተኛ በቀር ሰው እንዳይገባ»፣ «የሰው ንብረት መንካት ክልክል ነው»፣ «የሰው ልጅ ሁሉ እኩል ነው» የሚሉ ሦስት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ቢቀርቡለት፣ በሦስቱም ውስጥ ያለው «ሰው» አንድ አለመሆኑን ወዲያው ይገነዘባል። በመጀመሪያው «ሰው» ማለት «ማንም» ነው፤ በሁለተኛው «ሌላው፣ ባዕዱ» ነው፤ በሦስተኛው ደግሞ ወንድ ሴት፣ አንድ ብዙ ሳይባል የአዳም ዘር በሙሉ ነው። ሦስቱንም በአንድ የአዊኛ ስም ቢተካቸው፣ የመጀመሪያው ማስታወቂያ እንስሳ ይግባ ማለት ሊመስል፣ ሁለተኛውም ያለ ባለቤት ሊቀር ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው፣ «ሰው» በአማርኛ ስም ከመሆኑ ሌላ የተውላጠ ስምን ጠባይ ይዞ የሚሠራ ቃል መሆኑንና ይህም ጠባዩ በመዝገበ ቃላት ራሱን ችሎ መመዝገብ እንደሚገባው ነው።

ከሥርወ ቃሉ እንነሣ። የአማርኛው «ሰው» ከግእዙ «ሰብእ» ጋር አንድ ነው። ብ ወደ ው ተለውጧል፤ የጉሮሮው ድምፅ እ ደግሞ ወድቋል። በትግርኛ «ሰብ»፣ በቸሃ ጉራጌም እንዲሁ ብን የያዘ ቅርጽ ሲገኝ፣ በሐረሪ ቃሉ «ኡሱእ» ሆኖ ይሰማል። ይህ ሁሉ ለሴማዊ ቋንቋ ተመራማሪ አዲስ አይደለም። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን ቃሉ በግእዝ የነበረው የቁጥር ጠባይ ነው። ግእዝ ለአንዱ ወንድ «ብእሲ»፣ ለአንዲቱ ሴት «ብእሲት» የሚሉ ስሞች ስላሉት፣ «ሰብእ» በአብዛኛው የጥቅል ስም ሆኖ «ሰዎች፣ ሕዝብ፣ የሰው ወገን» የሚለውን ያመለክታል። የልደት በዓል ሲመጣ ሁላችንም የምንጠራቸው «ሰብአ ሰገል» ከአንድ በላይ የሆኑት ሰዎች እንጂ አንድ ሰው አይደሉም። «ትስብእት» የሚለውም የነገረ መለኮት ቃል የሰውን ባሕርይ እንጂ አንድን ግለሰብ አይናገርም።

አማርኛ «ብእሲ»ን ከዕለት ንግግር ስላስወጣው፣ «ሰው» ሁለቱን ሸክም ባንድነት ተሸከመ፤ የጥቅልነቱን ከ«ሰብእ» ወረሰ፣ የነጠላነቱን ከ«ብእሲ» ተረከበ። ዛሬ «ብዙ ሰው መጣ» ስንል ግሡን በነጠላ የምናስረው፣ «ብዙ ሰዎች መጡ» ስንል በብዙ የምናስረው በዚህ ምክንያት ነው። ትግርኛ ግን ሌላ መንገድ ሄዷል። «ሰብ»ን ለጠቅላላው ሰው ትቶ፣ ከዚያው ሥር ለወንዱ «ሰብኣይ»፣ ለሴቷ «ሰበይቲ» የሚሉ ስሞች አሉት፤ እነዚህም «ባል» እና «ሚስት» የሚል ፍቺ ጭምር አላቸው። ስለዚህ «ሰብኣይ»ን በ«ሰው» የሚተረጉም ሰው የቃሉን ግማሽ ይጥላል ማለት ነው።

የዘመኑ የአማርኛ ቃል ፈጣሪዎች ይህን የግእዝ ሥር ደጋግመው ተጠቅመውበታል። በ«ቤተሰብ»፣ በ«ኅብረተሰብ»ና በ«ብሔረሰብ» ውስጥ «ሰብ» እንደ ጥንቱ ጥቅል ነው። «ግለሰብ» በሚለው ውስጥ ግን በተቃራኒው አንድን ሰው ብቻ ያሳያል። እነዚህ ቃላት ባንድ ዐረፍተ ነገር ሲሰለፉ የሚሰማ ተቃርኖ ባይኖርም፣ ወደ ሌላ ቋንቋ የሚተረጉም ባለሙያ «ሰብ» ሲያይ ሁሉ አንድ መተኪያ ልፈልግ ቢል ይሰናከላል። ትግርኛም «ውልቀሰብ» ብሎ ተመሳሳዩን አድርጓል። እግረ መንገዳችንን አንድ የአጻጻፍ ነገር እናንሣ፤ በብዙ ጽሑፎች «ሰብዓዊ መብት» ተብሎ በዓይኑ ዓ ሲጻፍ እናያለን። ሥሩ «ሰብእ» እስከ ሆነ ድረስ ትክክለኛው በአልፋው አ፣ «ሰብአዊ» ነው። በዓይኑ «ሰብዓ» ማለት በግእዝ ሰባ ቁጥር ስለሆነ፣ «ሰብዓዊ» ቃል በቃል ሲወሰድ የሰባ ቁጥር ቅጽል ይሆናል። ልማዱ እጅግ ሥር የሰደደ በመሆኑ ይታረማል ብለን አንጠብቅም፤ መዝገበ ቃላት ግን ቢያንስ ሥሩን ሊያሳይ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የሚከተሉትን አራት ዐረፍተ ነገሮች አንባቢ ያስተያያቸው፦ «ሰው አልመጣም»፤ «ሰዉ አልመጣም»፤ «ሰዎች አልመጡም»፤ «ሰውየው አልመጣም»። የመጨረሻው ስለ አንድ የታወቀ ወንድ ይናገራል። ሁለተኛው ይመጣል ተብሎ ስለ ተጠበቀው ሕዝብ ነው፤ ተሰብሳቢው ቀረ ማለት ነው። ሦስተኛው፣ ይመጣሉ ከተባሉት ውስጥ የቀሩ አሉ የሚል ስሜት ይሰጣል። የመጀመሪያው ግን ከሦስቱ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ «አንድም አልመጣም» ማለት ነው። እዚህ ላይ «ሰው» የሚያመለክተው ሰው የለም። ከአሉታ ግሥ ጋር ተጣምሮ የባዶነት ተውላጠ ስም ሆኗል፤ ይህንንም ማድረግ የሚችለው መስተአምርም የብዙ ምልክትም ሳይጨመርበት ብቻውን ሲቆም ነው። የብዙ ምልክት «ኦች» ሲገባ ፍቺው ይጠፋል፤ መስተአምር ሲገባም እንዲሁ።

በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት በጽሑፍ የአንዲት ፊደል ጉዳይ ነው፤ ሳድሱ «ው» ወይስ ካዕቡ «ዉ»። ብዙ ጸሐፊዎች ሁለቱንም በሳድስ ስለሚጽፉ አንባቢ ከዐውዱ እንዲገምት ይገደዳል። ተናጋሪው በድምፅ የሚለየውን ጸሐፊው በፊደል ካልለየው፣ ተርጓሚው «ማንም አልመጣም» በሚለውና «ሕዝቡ አልመጣም» በሚለው መካከል ምርጫውን የሚያደርገው በራሱ ኃላፊነት ነው። ቃለ ጉባኤ ወይም የምስክር ቃል ከሆነ ነገሩ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው የተውላጠ ስምነት ምልክት ባለቤቱ በማይለይበት አነጋገር ይታያል። «ሰው ምን ይለኛል?» የሚል ተናጋሪ ስለ አንድ ሰው አይጠይቅም፤ ስለ ሰዎች ስብስብም አይደለም፤ ዓይኑ ስለማይታይ ተመልካች ነው። «ሰው ሲርበው ይቆጣል» ስንልም እንዲሁ። በዚህ አገልግሎቱ ቅጽል አይቀበልም፤ «ረጅም ሰው ምን ይለኛል?» ቢባል ወዲያው ወደ ተራ ስምነቱ ይመለሳል። እዚህ ላይ የብዙው ቅርጽ «ሰዎች ምን ይሉኛል?» በመጠኑ ሊተካው መቻሉን አንክድም። የሚከተለውን ግን አይተካውም፦ «ሰው እያናገረህ ጥለህ ትሄዳለህ?» በዚህ አነጋገር የሚያናግረው ራሱ ተናጋሪው ነው፤ «ሰው» ማለት «እኔ» ማለት ነው። ቅሬታውን በቀጥታ «እኔ» ብሎ ከማቅረብ ይልቅ በ«ሰው» ሸፍኖ ያቀርበዋል። «ሰዎች እያናገሩህ ጥለህ ትሄዳለህ?» ቢል ግን ስለ ሌሎች መናገሩ ነው። ልብ ወለድ የሚተረጉሙ ሁሉ ይህን «ሰው» በሦስተኛ መደብ ሲመልሱት፣ በገጹ ላይ ያልነበረ እንግዳ ሰው ብቅ ይላል።

የተሳቢ ምልክት የሆነው «ን» ሌላ ማስረጃ ይሰጠናል። በአማርኛ «ን» በመሠረቱ የሚከተለው ተለይቶ የታወቀውን ተሳቢ ነው፤ «ቤት ሠራ» እንላለን፣ «ቤቱን ሠራ» እንላለን። «ሰው» ግን መስተአምር ሳይኖረው «ን»ን ይቀበላል፤ «ሰውን አይንቅም»፣ «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» እንደሚባለው። በዚህ ረገድ ከ«ማንን» እና ከ«ሁሉን» ጋር ይሰለፋል እንጂ ከ«ቤት» ጋር አይሰለፍም። ሌሎች ስሞችም በጠቅላላው ሲነገሩ እንዲህ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እንደ «ሰው» የተዘወተረ ግን የለም።

ስም ወደ ተውላጠ ስምነት ሲሸጋገር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። «እርሱ» የሚለው ራሱ ከግእዙ «ርእሱ» የመጣ ሲሆን፣ የትግርኛው «ንሱ» ደግሞ ከ«ነፍሱ» እንደ መጣ ይታመናል። «ሰው»ን በሚመለከት ግን ከእኛ ርቀው የሚነገሩ ቋንቋዎች የበለጠ ያስተምሩናል። በፈረንሳይኛ ባለቤቱ ለማይለይ ግሥ የሚያገለግለው «ኦን» የተባለው ተውላጠ ስም፣ ከላቲኑ «ሆሞ» (ሰው) የወጣ ነው። «ሰው» የሚል ስም ሆኖ የሚሠራው «ኦም» ደግሞ ከዚያው ቃል የተሳቢ ቅርጽ መጥቷል። አንዱ ቃል ሁለት ሆኖ ተከፍሎ፣ አንዱ ስም ሌላው ተውላጠ ስም ሆነ ማለት ነው። በጽሑፍ ፈረንሳይኛ አንዳንድ ጊዜ በ«ኦን» ፊት የሚታየው መስተአምር ጥንት ስም እንደነበረ ያስታውሳል። በዕለት ንግግርም «ኦን» «እኛ» ማለት ሆኗል፤ የእኛው «ሰው» «እኔ» እንደሚሆነው ነው። በስዊድንኛ «ማን» (ከእኛ መጠይቅ «ማን» ጋር የድምፅ መገጣጠም እንጂ ዝምድና የለውም) ወንድ ወይም ባል የሚል ስም ሲሆን፣ ያው ቃል ባለቤቱ የማይለይ ተውላጠ ስምም ነው። ባለቤት ብቻ ሆኖ ስለሚገባ ተሳቢ ሲያስፈልግ «ኤን» የሚል ሌላ ቅርጽ ይተካዋል። የፈረንሳይኛው «ኦን»ም ተሳቢ አይሆንም። አማርኛ እስከዚህ አልሄደም፤ «ሰው» ባለቤትም ተሳቢም አገናዛቢም ይሆናል። ጉዞውን ጀመረ እንጂ አልፈጸመም ልንል እንችላለን፤ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች እንደ ተራ ስም ያለፉትም ምናልባት በዚህ ምክንያት ይሆናል።

ለ«ሰው አልመጣም» ተመሳሳይ ለማግኘት ደግሞ ወደ ፈረንሳይኛው «ፐርሶን» መሄድ ያሻል። ቃሉ በላቲን የተዋናይ ጭምብል ማለት ከሆነው «ፐርሶና» የመጣ ሲሆን፣ በአዎንታ «ሰው»፣ በአሉታ «ማንም» ይሆናል። ልዩነቱ እንደ አማርኛው ሁሉ በመስተአምሩ ይታወቃል፤ ስም ሲሆን መስተአምር ይይዛል፣ የአሉታ ተውላጠ ስም ሲሆን ባዶውን ይቆማል። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በኮርንዎል ይነገር በነበረው፣ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ከአፍ ከጠፋ በኋላ በ20ኛው እንደገና በተነሣው ኮርኒሽም «ዴን» ሰው ማለት ነው፤ «ዴን ቪት» ከአሉታ ግሥ ጋር «ማንም» ይሆናል። ከትግርኛም «ሰብ የለን»፣ «ሰብ ኣይመጸን» የሚለውን ስናይ የቅርብ ዘመዳችን ከእኛ ጋር መሆኑን እንረዳለን። ግእዝ ግን ለዚህ ዓይነቱ አነጋገር «አልቦ ዘመጽአ» የሚለውን መንገድ ይመርጣል፤ ስለዚህ የአሉታው «ሰው» እንደ ጥቅልነቱ ከ«ሰብእ» የተወረሰ አይመስለንም።

ሦስተኛው ፍቺ፣ «የሰው» የሚለው፣ ለሕግ ተርጓሚ ከሁሉ የሚበልጥ ነው። «የሰው ገንዘብ»፣ «የሰው አገር»፣ «የሰው ሚስት» ስንል «ሰው» ከባለጉዳዩ ሌላ የሆነውን ሁሉ ያመለክታል፤ እኔ ራሴ ሰው ብሆንም «የሰው ገንዘብ» የእኔ ገንዘብ አይደለም። ፈረንሳይኛ ለዚህ ፍቺ የተለየ ቃል አለው፤ «ኦትርዊ» የሚባል፣ መስተአምርም ብዙ ቁጥርም የሌለው፣ ባለቤት ሆኖ የማይዘወተር ተውላጠ ስም ነው። በፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀድሞ 1382፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 1240 የተባለው ታዋቂ አንቀጽ በሌላ ሰው ላይ ስለሚደርስ ጉዳት የሚናገረው በዚሁ ቃል ነው። የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቅ በሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተዘጋጅቶ ወደ አማርኛ የተመለሰ እንደ መሆኑ፣ ተርጓሚዎቹ «ፐርሶን»፣ «ኦን» እና «ኦትርዊ» የሚሉትን ሦስት ቃላት በየቦታቸው መመለስ ነበረባቸው። አማርኛ ሦስቱንም በ«ሰው» መሸከም ይችላል፤ ሕግ ግን እንዲህ ያለውን ለጋስነት አይፈልግምና «ማንኛውም ሰው»፣ «ሌላ ሰው»፣ «ሦስተኛ ወገን» የሚሉት ማሰሪያዎች በሕግ አማርኛ ጸንተው የቀሩት ስለዚህ ነው። አንዳንዶች «ማንኛውም ሰው» ብሎ መጻፍ ድግግሞሽ ነው ይላሉ። እኛ አይመስለንም፤ «ማንኛውም» ባይጨመር «ሰው» ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል?

«ሰውነት» የሚለውም ከዚሁ ጋር ሊታይ ይገባል። በጤና ጽሑፍ ሰውነት ማለት ገላ፣ አካል ነው። በሕግ «የሕግ ሰውነት» ሲባል ግን ማኅበር ወይም ድርጅት መብትና ግዴታ የሚሸከምበት ችሎታ ነው። የተለያዩ ሙያዎችን ቃላት ባንድ ዝርዝር የሚያሰባስብ ባለሙያ ሁለቱን ባንድ ረድፍ ካስቀመጣቸው፣ ማኅበሩ ገላ አለው የሚል ትርጉም ሊወጣ ይችላል።

ወደ አዊኛ እንመለስ። ከትግርኛ የሚተረጉም ሰው ወደ አማርኛ ሲመጣ ቢያንስ የሥር ዝምድና ይረዳዋል። አዊኛ ግን የኩሽ ቤተሰብ ከሆኑት የአገው ቋንቋዎች አንዱ በመሆኑ ይህ ድጋፍ የለውም። ቋንቋው በውጭ አገር ሊቃውንት ሲጠና ቆይቷል፤ ኮንቲ ሮሲኒ የዳንግላውን አነጋገር በ1905 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል፣ ሮበርት ሄትዝሮንም የግሡን ሥርዓት በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የስሙን ሥርዓት ደግሞ ከዚያ በኋላ መርምሯል። ከሄትዝሮን ጥናት ለእኛ ጉዳይ ዋና የሚሆነው የአገናዛቢው ነገር ነው። በአማርኛ «የ» የማይለወጥ ነው፤ «የሰው ቤት»፣ «የሰው ላም»፣ «የሰው ከብቶች» ሲባል «የሰው» አንድ ነው። በአዊኛ ግን አገናዛቢው ከተገናዛቢው ስም ጋር ይስማማል፤ ተገናዛቢው ተባዕት ነጠላ ሲሆን፣ አንስት ነጠላ ሲሆን፣ ብዙ ሲሆን የአገናዛቢው መድረሻ ይለያያል። ከዚህም በላይ ተገናዛቢው ራሱ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የሚይዘውን የሙያ ምልክት አገናዛቢው ደግሞ ይይዛል።

እንግዲህ ከላይ የጠቀስነውን «የሰው ልጅ» እንውሰድ። በአማርኛ «ልጅ» እዚህ ላይ ጾታም ቁጥርም የለውም፤ ሐረጉ በሙሉ የግእዙን «እጓለ እመሕያው» ቦታ የያዘ አንድ ስያሜ ነው። ቃል በቃል ወደ አዊኛ ሲመለስ ግን ተርጓሚው «የሰው» የሚለውን ለመጻፍ ገና ሲጀምር ልጁ ወንድ ነው፣ ሴት ናት ወይስ ብዙ ናቸው የሚለውን መወሰን አለበት፤ መድረሻው ያለዚያ አይጻፍም። «የሰው ልጅ መብት» ሲሆን ደግሞ «ልጅ» ከ«መብት» ጋር ተስማምቶ የአገናዛቢ ምልክት ይይዛል፤ «ሰው»ም ያንኑ ከራሱ ምልክት በላይ ይደርባል፤ የመጀመሪያው ምርጫ በሐረጉ መጨረሻ ድረስ ይከተላል። አማርኛ በዝምታ ያለፈውን አዊኛ በድምፅ ይናገረዋል። የተባዕቱ ቅርጽ ከተመረጠ ሁሉን ያቀፈው ሐረግ ወደ ወንዱ ያደላል። ይህ የአዊኛ ብቻ ችግር አይደለም፤ ፈረንሳዮች በ1789 እ.ኤ.አ. ያወጁት የመብት መግለጫ «ኦም» የሚለውን ቃል ሰው ለማለት ቢጠቀምም ቃሉ ወንድ ማለትም ስለሆነ፣ ኦሊምፕ ደ ጉዥ በ1791 እ.ኤ.አ. የሴቶችን መብት የሚመለከት ሌላ መግለጫ ጽፋበታለች።

ለዚህ ሐረግ የምናቀርበው ሐሳብ፣ «ልጅ» የሚለውን ቃል በቃል ከመከተል ይልቅ ቁጥሩን ወደ ብዙ አድርጎ «ሰዎች ሁሉ» በሚለው መንገድ እንዲመለስ ነው፤ ብዙው ጾታን አይለይምና። በማስታወቂያ ላይ ለሚገኘው «ሰው እንዳይገባ» የስሙን መተኪያ ከመፈለግ ይልቅ «ማንም» የሚለውን የሚገልጸው የአዊኛ አነጋገር ይፈለግ። ለ«የሰው ንብረት» ደግሞ «ሌላ» የሚለው ቅጽል ሳይጨመር አይለፍ፤ በአማርኛ የተሰወረው ይህ ቅጽል ነውና። አማርኛውን የሚያዘጋጀው ጽሕፈት ቤት ራሱ አስቀድሞ «ማንም ሰው» እና «የሌላ ሰው» ብሎ ቢጽፍ የተርጓሚው ሥራ በእጅጉ ይቀላል፤ በአንደኛ ደረጃ ለሚማሩት የአዊ ሕፃናት መማሪያ የሚያዘጋጁትም ከዚህ ይጠቀማሉ።

በመዝገበ ቃላት ረገድ ለጊዜው የምናቀርበው የመግቢያ ቃል አጻጻፍ የሚከተለውን ይመስላል። ሰው (1) ስም፤ ብዙ ቁጥሩ ሰዎች፤ ከእሙር መስተአምር ጋር «ሰዉ» ጥቅል፣ «ሰውየው» ነጠላ ወንድ፤ የአዳም ዘር የሆነ ፍጡር፤ «ጥሩ ሰው ናት» እንደሚባለው ለሴትም ያገለግላል። ሰው (2) ተውላጠ ስም፤ መስተአምር፣ ቅጽልና ብዙ ቁጥር የማይቀበል፤ ሀ) ባለቤቱ ያልተለየ ማንኛውም፤ ለ) በቅሬታ አነጋገር ተናጋሪው ራሱ፤ ሐ) ከአሉታ ግሥ ጋር፣ አንድም፣ ማንም፤ መ) በአገናዛቢ «የ»፣ ሌላው፣ ባዕድ። «ሰው የለኝም» የሚለው አነጋገር፣ ማለትም ዘመድ ወይም ደጋፊ የለኝም የሚለው፣ በየትኛው ሥር መግባት እንዳለበት በአዘጋጆች መካከል ሊያከራክር ይችላል። እኛ በ(1) ሥር ራሱን የቻለ ንዑስ ፍቺ ሆኖ ቢቀመጥ እንመርጣለን፤ ምክንያቱም «ብዙ ሰው የለኝም» ብሎ ቅጽል ይቀበላልና።